ውሃው በየት በኩል ነው የሚወጣው?

የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ታገባለች። ለጫጉላ ሞምባሳ ሊሄዱ ነው። ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለን የሆቴሉን ፎቶ አሳየችኝ። የገዛችውን የዋና ልብስ አሳየችኝ። ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደሚፈቀድላት ሁሉ አጣርታለች።

«ስለ ባሕሩስ ጠየቅሽ?» አልኳት።

«ባሕር ደግሞ ምኑ ይጠየቃል?» አለችኝ።

አልፈረድኩባትም። እኔም እንደሷ ነበርኩ። አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ዋና ማለት ገንዳ ነው። አራት ግድግዳ አለው። ጥልቀቱ በሜትር ተጽፎ ጠርዙ ላይ ይታያል። ትናንት የነበረው ውሃ ዛሬም እዚያው ነው። እኔ ዋና የተማርኩት ጊዮን ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት። ክሎሪኑ ዓይናችንን አቅልቶት፣ ጣታችን ተጨማዶ፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ እንወጣና ፎጣ ተጠቅልለን ትኩስ ሻይ በሳምቡሳ እናወራርድ ነበር። ሂልተን ደግሞ በላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ የተሠራው ገንዳ አለ፣ ውሃው ከከርሰ ምድር የሚመጣ ፍል ውሃ ነው። ከተማችን ራሷ የፍል ውሃ ልጅ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃው ባይማረኩና እዚያ አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባልተቆረቆረች። ውሃ እንወዳለን። ግን የምናውቀው ውሃ ተከልሎ የተቀመጠ ውሃ ነው።

እኔ ይሄ የገባኝ ታኅሣሥ 2015 ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ነው። ወንድሜ እዚያ ሱቅ አለው። ልጁን ለማየት ሄጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን እንደገና ወደ ባሕሩ ወሰደኝ። ደርባን ባሕሩ ከከተማው ጋር የተያያዘ ነው፤ ፎቁ፣ መንገዱ፣ አሸዋው፣ ከዚያ ውቅያኖስ። ከአሸዋው ወደ ውሃው የገቡ ረጃጅም የኮንክሪት ድልድዮች አሉ፣ ዓሣ አጥማጆች ጫፋቸው ላይ የሚቆሙባቸው። ሰዉ ሁሉ ቀይና ቢጫ ባንዲራ በተተከለበት መሀል ታጭቆ ከሞገድ ጋር ይታገላል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ድልድዩ ሥር፣ ሞገድ የሌለበት፣ ጠቆር ያለ፣ ለስለስ ያለ ቦታ አየሁ። ሰው የለበትም። ከሁሉም በላይ ገንዳ የሚመስለው እሱ ነበር። ወንድሜ ልጁን አሸዋ ላይ ሲያጫውት እኔ እዚያ ገባሁ።

ውሃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ከእግሬ ሥር አሸዋው ሲሸሽ ተሰማኝ። ተረከዜ የቆመበት አሸዋ ትንሽ ትንሽ እያለ ተቦርቡሮ ሄደ። ከዚያ መሬቱ የለም። የሚገርማችሁ ምንም የሚጎትት ነገር አይታወቅም። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ እኔ ቀጥ ብዬ ተንሳፍፌያለሁ። ብቻ የድልድዩ ምሰሶዎች በአጠገቤ ያልፋሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እኔ የምሄድ አልመሰለኝም፤ ምሰሶዎቹ ናቸው ወደ ከተማው የሚሄዱት። ዞሬ ሳይ ወንድሜ አውራ ጣት አክሏል።

ያኔ እንደተማርኩት ፊቴን ወደ ዳርቻው አዙሬ በፍሪስታይል ጀመርኩ። ባለኝ ኃይል። አርባ ጊዜ ያህል ክንዴን ወርውሬ ቀና ስል ያው ምሰሶ አጠገቤ ነው። ዝገት የወረደበት ቡናማ መስመር ነበረው፣ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ደገምኩ። አሁንም ያው ምሰሶ። ሦስተኛውን ስጀምር ውሃ ጠጣሁ፣ ጨው ጉሮሮዬን ዘጋው። ሲያንቅ በውሃ ይውጡታል፣ ውሃ ሲያንቅ በምን ይውጡታል የሚባለውን ያን ዕለት በአካል አወቅሁት።

ነፍስ አድን ሠራተኛው ቀይ ተንሳፋፊ ይዞ መጣ። እንድይዘው አደረገኝ። እኔ ወደ ዳርቻው ይጎትተኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ጎን ወሰደኝ፣ ከድልድዩ እየራቀ፣ ሞገድ ወደሚሰበርበት። ጥቂት ከሄድን በኋላ ያ የማይበገር ውሃ በቃ ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ሞገድ ከኋላ ገፍቶ ራሱ ወደ አሸዋው መለሰን። ልጁ ዕድሜው ሃያ ቢሆነው ነው። የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እዚያ ሞገድ የማይሰበረው ውሃው የሚወጣው በዚያ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ለአባዬ ነገርኩት። አባዬ በወጣትነቱ ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም። አዳምጦኝ ሲያበቃ አልተቆጣኝም። «ከመግባትሽ በፊት ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ አይተሻል?» ብቻ አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ተነሳና ከማድ ቤት ትሪ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ በትንሹ አዘንብሎ አስቀመጠው። ሁለት የቡና ማንኪያ በመስመር አጋደመ፣ በመካከላቸው አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ። ከዚያ በጆግ ከታች በኩል ውሃ ገፋ ገፋ አደረገ። ውሃው ማንኪያዎቹን ተሻግሮ ወጣ። ሲመለስ ግን በማንኪያዎቹ ላይ አልተመለሰም። ሁሉም ተሰብስቦ በዚያች ክፍተት ነው የወረደው፣ እየተጣደፈ። «ይኸው» አለኝ። «ሞገድ ያመጣው ውሃ ዳር ላይ አይከመርም። በአንድ በኩል መውጣት አለበት።»

ምጽዋ ጉርጉሱም ወደሚባለው ዳርቻ ስንሄድ፣ አለ አባዬ፣ አንድ ሲጋራ ተጨሶ እስኪያልቅ ቆመን ነበር የምናየው። ከዚያ ነው ሸሚዝ የሚወልቀው።

እንግሊዝኛው ሪፕ ከረንት ይለዋል። ሞገዱ ከሥር ያለውን የአሸዋ ጉብታ ተሻግሮ ውሃ ወደ ዳር ይገፋል፣ ውሃው ደግሞ ጉብታው በተቆረጠበት ወይም ድልድይና ድንጋይ ባለበት ጥግ ተሰብስቦ ወደ ጥልቁ ይመለሳል። ጠንካራው በሴኮንድ 2 ሜትር ይሄዳል። 25 ሜትር ገንዳ በ13 ሴኮንድ ገደማ ማለት ነው። እኔ ያንን ገንዳ ደህና በሆንኩበት ቀን በ30 ሴኮንድ ነው የማቋርጠው። ታዲያ ፊት ለፊት ተጋፍጬ እንዴት ላሸንፈው? እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚባለው ለሰው ጠባይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቃል በቃል ነው።

ሪፕ ወደ ታች አይጎትትም፣ ይሄ መታወቅ አለበት። ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚወስደው፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ ይደክማል። ሰው የሚሞተው እሱን ሲታገል አቅሙ አልቆ ነው። ስለዚህ ከያዛችሁ አትታገሉት። በጀርባ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሽ ሰብስቡ፣ እጅ አንስታችሁ ተጣሩ፣ አቅም ካላችሁ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ዋኙ፤ ሞገዱ የሚሰበርበት ጋ ስትደርሱ እሱ ይመልሳችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 300,000 ሰው ሰምጦ ሞቷል፣ ከግማሽ በላዩ ዕድሜው ከ30 በታች ነው። ይህን ስጽፍ የማስበው አሸዋው ላይ ቆሞ ልጁን ያቀፈውን ወንድሜን ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ማታለያ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አራት ዙር ዋኝታችሁ የምታለከልኩት ባሕር ዳርቻ ስትወርዱ ትንፋሹ ዝም ብሎ ይመጣል። ጎበዝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። በዚያ ላይ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ሰውነትን ያነሳል። ሁለቱ ሲገናኙ ሳይታወቃችሁ ትርቃላችሁ። እኔ የመጀመሪያው ቀን ስወጣ ለወንድሜ «እዚህማ አልደክምም» ብዬው ነበር።

አባዬ የጠየቀኝን ጥያቄ ከያዝኩ ወዲህ ለሌላም ነገር እየጠቀመኝ ነው። የከተማ ባሕር ዳርቻ ከሆነ፣ የከተማውስ ውሃ በየት ነው የሚወጣው? ክረምት ላይ ዝናቡ አባርቶ በፍልውሃ በኩል የባንትይቀጡን ድልድይ የተሻገረ ሰው የማወራው ይገባዋል። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ፌስታሉንና ሃይላንዱን ተሸክሞ፣ ሽታው መሐረብ አስይዞ እየጋለበ ይወርዳል። ከየግቢው፣ ከየመጸዳጃው፣ ከየጋራዡ የታጠበው ሁሉ እዚያ አለ። በዚያ ውሃ እንኳን ዋና እግር መንከር የሚያስብ የለም። አሁን ያ ወንዝ መጨረሻው ሰው የሚዋኝበት ዳርቻ ነው እንበል። የባሕር ዳር ከተሞች ችግር ይሄ ነው።

ደርባን ለዚህ ትልቅ ምሳሌ ናት። ሚያዝያ 2014 (ኤፕሪል 2022 እ.ኤ.አ.) የወረደው ከባድ ጎርፍ የፍሳሽ መሥመሮችንና ማጣሪያዎችን ሰባበረና ያልተጣራ ፍሳሽ በወንዞቹ ወደ ባሕር ገባ። የዓይነ ምድር ምልክት የሆነው ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ በዝቶ በመገኘቱ ዳርቻዎች ተዘጉ፣ ተከፈቱ፣ እንደገና ተዘጉ። እኔ ከወራት በኋላ ስሄድም ወንድሜ ጠዋት ጠዋት የትኛው ክፍት እንደሆነ ስልኩ ላይ ሳያይ ከቤት አይወጣም ነበር። ውሃው በዓይን ሲታይ ግን ሰማያዊ ነው። ንጹሕ ይመስላል። ባክቴሪያ ቀለም የለውም።

ስለዚህ ከባድ ዝናብ ከዘነበ ቢያንስ 2 ቀን፣ ቢቻል 3 ቀን አትግቡ። ወንዝ ከሚቀላቀልበት፣ ትቦ ከሚያፈስበት ራቁ። የውሃው ምርመራ ውጤት የሚለጠፍበት ከተማ ከሆነ አንብቡት፤ ለምሳሌ የአሜሪካው መመዘኛ ኢንተሮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በአማካይ ከ35 እንዳይበልጥ ነው የሚለው። ልጆች ውሃ ይውጣሉ፣ ጆሯቸው ይያዛል፣ ሆዳቸው ይታመማል። የወንድሜ ልጅ አንዴ ሦስት ቀን ተኝቶበታል።

ሦስተኛው ደግሞ ውሃው የሚወጣው መቼ ነው የሚለው ነው። ሞምባሳ ላይ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። የአክስቴ ልጅ ስልኳን ትታ የሰማችኝም እዚህ ጋ ስደርስ ነው። ኒያሊና ባምቡሪ የሚባሉት ዳርቻዎች ፊት ለፊት ርቆ ድንጋይ የመሰለ የኮራል አጥር አለ፣ የውቅያኖሱን ጉልበት እሱ ይሰብረዋል፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ውሃ ለጀማሪ የተመቸ ነው። ግን ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሙሉ ጨረቃና ጨረቃ በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። አንድ ፎቅ ማለት ነው! ጠዋት የዋኛችሁበት ቦታ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ድንጋይና ሣር ይሆናል። እዚያ ድንጋይ መሀል እንደ ጃርት ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ አለ። እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። «የውሃ ጫማ ጨምሪ» አልኳት፣ ጻፈች።

የሙላቱና የሽሽቱ ሰዓት በየቀኑ በ50 ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ካልተለጠፈ እንግዳ ተቀባዩን መጠየቅ ነው። (ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ጠዋት 12 ሰዓት ብለው ነው የሚቆጥሩት፤ ይሄን ስነግራት በጣም ደስ አላት።) የሚሄዱት ጥር መሆኑም ጥሩ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚነፍሰውን ነፋስ ካስካዚ ይሉታል፣ ያኔ ባሕሩ ረጋ ይላል፣ ውሃው ይጠራል። ከሚያዝያ ጀምሮ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ሲመጣ ባሕሩ ይናወጣል፣ የባሕር ሣርም ዳርቻው ላይ ይከመራል። ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ በአጥሩ ክፍተት በኩል ጠንካራ ፍሰት አለ፣ እዚያ መቅረብ የለም።

ዱባይ የሚሄዱ ብዙ ናቸው፣ ስለሱ አጭር ነገር ልበል። እዚያ ያለው ችግር ሙቀቱ ነው። በነሐሴ የባሕሩ ውሃ ከ32 ዲግሪ ያልፋል። የዓለም የውሃ ስፖርት ፌዴሬሽን የክፍት ውሃ የዋና ውድድር ከ31 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ እንዳይካሄድ ይከለክላል፣ ምክንያቱም ዋናተኛው ውሃ ውስጥ ሆኖም ሰውነቱ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ላብ ይወጣችኋል፣ አታዩትም። ማለዳ ወይም ማታ ግቡ፣ የሚጠጣ ውሃ ያዙ። ቴል አቪቭ ያሉ ዘመዶቻችን ደግሞ ስለ ባንዲራው ያውቃሉ፦ ነጭ ግቡ ነው፣ ቀይ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ፈጽሞ ክልክል ነው። በጋ ላይ በስዌዝ ቦይ የገባው ጄሊፊሽ የሚባለው ትልቅ የሚለበልብ የባሕር እንስሳ መንጋ ሆኖ ይመጣል። ሌላ አገር የባንዲራው ቀለም ሊለያይ ይችላል፣ እንደደረሳችሁ ጠይቁ። ቀይና ቢጫው ግን ብዙ ቦታ ትርጉሙ አንድ ነው፣ በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ከዋኛችሁ ጠባቂ ይከታተላችኋል። እኔ ከሱ ውጭ ነበር የገባሁት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ቢሾፍቱም ቢሆን ይጠየቃል። ባቦጋያና ሆራ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ሐይቆች ናቸው፣ ከዳሩ ጥቂት ርምጃ እንደተሄደ መሬቱ ገደል ሆኖ ይወርዳል። እዚያ ውሃው በየትም አይወጣም፣ ግን ደረቱ ጋ ደርሷል ብሎ አንድ እርምጃ የጨመረ ልጅ የሚረግጠው የለውም። ሐዋሳና ዝዋይ ደግሞ ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ አለ፣ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሣር ባለበት ዳር ዳሩን ነው የሚውሉት። እንዲያ ካለው ቦታ ገብቶ የወጣ ሰው ከሳምንታት በኋላ መመርመር አለበት።

እሑድ ለአባዬ ምሳ ይዤ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ የሆቴሉን ፎቶ በቴሌግራም ልካልኝ ስለነበር አሳየሁት። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው። መነጽሩን አደረገ፣ ስልኩን ተቀበለኝ፣ ሁለት ጣቱን ዘርግቶ ፎቶውን አጎላው። ሕንፃውንም ገንዳውንም አላየም። ርቆ የሚታየውን ነጭ የሞገድ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ በጥፍሩ ተከተለው፣ ቀስ እያለ። አንድ ቦታ ላይ ነጩ ተቋርጦ ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። ጣቱ እዚያ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው የሚወጣው» አለ።

ቦታዋን በቀይ ከብቤ መልሼ ላክሁላት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጻፈችልኝ፦ «እሺ። ለአባባ አመሰግናለሁ በይልኝ። ባሕሩ ስንት ሰዓት እንደሚሞላም ሆቴሉን ጠይቄያለሁ፣ ገና አልመለሱልኝም።»